ፈረሴ ትራም ነው

ከሦስታችን ድምፅ የነበረው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ግጥሙን እጽፋለሁ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እያጋጨሁም ምት እይዛለሁ። ዙሪክ አጠገብ ቪንተርቱር የምትባል ከተማ የሚኖረው ጓደኛችን አርሞኒካ ይነፋል፤ ቴፑም የሱ ስለሆነ የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ጊታሩና ድምፁ ግን ሽዋመንዲንገን በሚባል የዙሪክ ሰፈር የሚኖረው ጓደኛችን ድርሻ ነበር። ዘፋኙ እያልኩ ልቀጥል፤ ስሙን መጻፍ አልፈልግም፣ እሱም አይወድም።

ዘፋኙ አዲስ አበባ ሳለ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ዙሪክ ከገባ በኋላ በአንድ ሆቴል ማድ ቤት ድስትና ሳህን ያጥባል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ዘወትር የተከዘ የሚመስል ሰው ነው። ቀልድ ሲናገር እኛ ሆዳችንን ይዘን ስንንፈራፈር እሱ ጥርሱን አያሳይም። የቪንተርቱሩ በሞተር ፋብሪካ የሚሠራ ነው፤ ከአፉ አንድ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። እኔ ጄኔቭ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ታይፒስት ነበርኩ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ አውሮፕላኑ ጣሪያዬን እየታከከ ሲያልፍ እየሰማሁ እኖር ነበር። ሁለቱ ድንበር በእግር አቋርጠው የወጡ፣ እኔ ለትምህርት መጥቼ በዚያው የቀረሁ ነን። ደርግ እስካለ ድረስ ሦስታችንም አገራችን መግባት አንችልም።

በወር አንዴ ቅዳሜ ጧት በአውቶቡስ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ እወርድና ዙሪክ እሄዳለሁ። የመገናኘታችን ምክንያት መጀመሪያ ምግብ ነበር። ዘፈኑ የመጣው በኋላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ በጋ የሆቴሉ ዋና ወጥ ሠሪ፣ ስዊዙ፣ ዘፋኙን ወደ መንደሩ በዓል ጋብዞት እኛንም አስከትሎ በሄደ ጊዜ ነው። ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ ባለሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ደፍተው፣ ሾጣጣ ቦት ጫማ ተጫምተው፣ ቀበቶአቸው ላይ የሽጉጥ ማኅደር አንጠልጥለዋል፤ ማኅደሩ ባዶ ነው። መድረኩ ላይ አራት የወተት ገበሬዎች ስለ ቴክሳስ በረሃ፣ ስለ ባቡርና ስለ እስር ቤት በእንግሊዝኛ ይዘፍናሉ። እንግሊዝኛቸው የዙሪክ ጀርመንኛ ይሸታል። ሕዝቡ ግን ከልቡ ነው የሚሰማው፤ አጠገባችን የተቀመጠች ሴት በመሐረብ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ዘፋኙ ያንን ዓይነት ዘፈን በልጅነቱ አገር ቤት ከነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ሬዲዮ እየሰማ ነው ያደገው፤ ቃሉን ሳይረዳ ዜማውን ከነትንፋሹ ያውቀዋል። ስንመለስ ባቡር ውስጥ፣

«እነዚህ ሰዎች ቴክሳስን በካርታ እንኳ ያገኙት አይመስለኝም» አለ። «የነሱን ዘፈን ግን ልብ ብላችሁ ሰማችሁ? አንድ ባቡር፣ አንድ እስር ቤት፣ አንዲት ሩቅ ያለች እናት። የኛ ነገር እኮ ነው። የጎደለን ባርኔጣ ብቻ ነው።»

የቪንተርቱሩ መስኮቱን እያየ፣ «ፈረስም የለህም» አለ። ለሱ ይኼ ረጅም ንግግር ነው።

«ትራም አለኝ» አለ ዘፋኙ።

በሚቀጥለው ወር ስመጣ ዜማው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ግጥሙን እሱ ቤት ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን እኔና እሱ እየተቀባበልን ጨረስነው፦

ፈረሴ ትራም ነው ሰማያዊ ቀለም፣
ገብስም ሆነ ድርቆሽ ብሰጠው አይበላም።
ሽጉጤ ጭልፋ ነው ጥይቱም ሳሙና፣
ስንቱን ድስት ማረክሁ አልነገርኩም ገና።

ከፉከራም ከካውቦይም የተዳቀለ ነገር ነበር። ዘፋኙ በአፍንጫው እያዜመ፣ ቃሉን እንደ ማስቲካ እየጎተተ፣ ስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፁን እንደ ስዊዞቹ የተራራ ጩኸት ሰብሮ ያወጣዋል። የቪንተርቱሩ ቴፑን ይዞ መጣ፤ ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፣ ማይክሮፎኑን በመጥረጊያ እንጨት ላይ አሰረ። ሽዋመንዲንገንም ከግራንድ ሳኮኔ አይሻልም፤ አውሮፕላን ያልፍበታል፣ ከመኪናው መንገድ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይመጣል። ማንኪያዬን አንስቼ ልጀምር ስል የቪንተርቱሩ እጁን ያነሣል፣ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን። ያም ሆኖ አንዱ አመለጠንና ካሴቱ ውስጥ ገባ። ዘፋኙ፣ «ተዉት፣ እሱም ይዝፈን» አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለመደብን። ስለ በረዶ፣ ስለ ጀርመንኛ ሰዋስው፣ ቆሻሻ በተሳሳተ ቀን ስላወጣ ሰው ዘፈንን። ከሁሉ የተወደደው ስለ መኖሪያ ፈቃድ የዘፈንነው ነው። ዘፋኙ የውጭ ዜጎች ፖሊስ ቢሮ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ሲመለስ በባቡሩ መስኮት ላሞች አይቶ ኖሮ፣ ዜማውን ይዞት ገባ፦

ላሟ ደወል አስራ ተራራ ወጥታለች፣
ፈቃድ አምጪ ሳትባል ሳሯን ትግጣለች።

ይኼን ካሴት ጄኔቭ ወስጄ ለሁለት ሰው ሰጠሁ። በሚቀጥለው ፋሲካ ሰው ቤት ለግብዣ ስሄድ የማላውቃቸው ሰዎች ሲዘፍኑት አገኘሁ። አንዲት ሴትዮ ለኔው ግጥሙን አስተማረችኝ። ከባዝልና ከበርን «አዲስ ካሴት አለ ወይ?» እያሉ ይደውሉልን ጀመር። ያን ጊዜ የኛ ሰው ሲሰበሰብ የሚያወራው ማን ታሰረ፣ ማን ጠፋ፣ ማን በሱዳን በኩል ወጣ ነበር። ከዚያ ወሬ መሀል አንዱ ተነሥቶ ቴፑን ሲከፍትና ላሟ ስትመጣ የቤቱ አየር ለአፍታ ይለወጣል።

ዘፋኙ ለምን እንዲህ እንደሚተጋ ግን ብዙ ጊዜ አላወቅሁም ነበር። አንድ ቅዳሜ የቪንተርቱሩ ሥራ ገብቶ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ሆነን ሽንኩርት ስንልጥ ነገረኝ።

«ታላቅ ወንድሜን ታውቂያለሽ፣ የገደሉትን።»

እንደሞተ አውቅ ነበር። አስተማሪ ነበር፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወስደው ገደሉት።

«እናቴ አላለቀሰችለትም» አለኝ። «የቀበሌው ሰዎች ደጃፍ ቆመው፣ ድምፅ ካሰማሽ ያሉትንም አናስቀርልሽም አሏት። እኔና እኅቴን ማለታቸው ነው። ጥቁርም አትለብሺም አሏት። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ገበያ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅም አላየኋት፣ ስታለቅስም አላየኋት። እኔ ስወጣ እንኳ ግንባሬን ስማ ‹መንገዱን ያቅናልህ› ብላ በሩን ዘጋች። በፊት እኮ ሰፈሩን የምታስቀው እሷ ነበረች። የቀልዱ ባለቤት እሷ ናት፣ እኔ ወራሽ ነኝ።»

ሽንኩርቱን ከተፈና፣ «ካሴት ልልክላት ነው» አለ። «አንድ ጊዜ ትሳቅልኝ።»

እንግዲህ ለሳቸው የሚሆነውን ዘፈን ሦስታችን ተጨንቀን ሠራነው። ፖለቲካ የሚመስል አንዲት ቃል እንዳትገባ ፈራን፤ ፖስታ ይከፈታል፣ ሻንጣ ይበረበራል። ፈቃድ የሚለውን እንኳ አወጣነው፤ ከትራሙ ዘፈንም ፈረሱን እንጂ ሽጉጡን አላስገባንም። ከሁሉ የወደድነው ስንኝ ይኼ ነበር፦

እናቴ አትሥጊ ልጅሽ ሰው ሆኖልሻል፣
የሆቴሉ ሳህን በእጁ ያልፍልሻል።

በእጁ የሚያልፈው ሳህኑ ነው፤ ግን ደግሞ ያልፍልሻል፣ ክፉው ቀን ያልፋል ማለትም ነው። የባንክ ሠራተኛ ለነበረ ልጅ እናት ምን ያህል እንደሚመር አስበን አንድ ጊዜ ልንተወው ነበር። ዘፋኙ፣ «አይ፣ ይገባታል» አለ።

ካሴቱ ላይ የፈረንሳይኛ ትምህርት የሚል ወረቀት ለጥፈን ለሥራ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ላክነው። መልስ ብዙ ቆየ። ከዚያ የዘፋኙ እኅት በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ስልክ ወደ ቢሮዬ ደወለች። ወሬ ማብዛት አይቻልም፤ ሌላ ሰው መስመሩ ላይ ይኖራል።

«የላካችሁት ትምህርት ደርሷል» አለችኝ። «እማዬ አጥንታዋለች። በጣም ተደስታበታለች። ደጋግሚልኝ እያለች አስቸግራኛለች።»

«ሳቁ ወይ?»

«ሳቀች» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠና ዘጋችው።

ዘፋኙ ይኼን ስነግረው ጊታሩን አንስቶ ሲቃኝ ዋለ፤ የተቃኘውን መልሶ እየፈታ ይቃኛል።

ሁለተኛው ስልክ የመጣው በመኸር ወራት ነው፣ ዓርብ ቀን፣ ቢሮ ሳለሁ። እኅቱ ናት። እናቷ ታመው ጥቂት ጊዜ እንደቆዩ፣ ለልጃቸው እንዳይነገር እንደከለከሉ፣ አርፈው ሥርዓተ ቀብራቸው እንደተፈጸመ በአጭሩ ነገረችኝ። «እባክሽ፣ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ» አለችኝ። «እንደ ወጉ አድርጉልኝ።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ለቪንተርቱሩ ደውዬ ነገርኩት፤ «እሺ» ብቻ አለ። ከሥራ ስወጣ ባቡር ይዤ ዙሪክ ሄድኩና የቪንተርቱሩ የሚያውቃቸው ቤተሰቦች ዘንድ አደርኩ። ዙሪክ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ በንጉሡ ዘመን ዳኛ የነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ማለዳ እሳቸውን ይዘን ሽዋመንዲንገን ሄድን። ነጠላዬን ከካፖርቴ ሥር ሸሽጌ ነበር። ትራሙ ውስጥ ጋሼ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አባት አለው?» ብለው ጠየቁ። የለውም አልኳቸው።

በሩን የከፈተው ጊታሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው።

«እንዴ! ቅዳሜያችን የሚመጣው ሳምንት አልነበረም?» አለ። ከዚያ ከኋላችን አዛውንቱን አያቸው። «ጋሼ፣ እርስዎንም ኮረስ አስገቡዎት?»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እሱን አስቀምጠውና ቁጭ በል።»

አላስቀመጠም። ወደ እኔ ዞረ። የነጠላዬ ጥለት ከካፖርቴ ሥር ወጥቶ ኖሯል፤ ዓይኑ እዚያ ላይ ቀረ።

«እማዬ ናት?» አለኝ።

መልስ መስጠት ያለባቸው ጋሼ ነበሩ፣ እኔ ግን ራሴን ነቀነቅሁ። የቪንተርቱሩ ቀረብ ብሎ ጊታሩን ከአንገቱ ላይ አወጣለት፤ ዘፋኙ ወለሉ ላይ ተደፋ። ያን ዕለት የጮኸው ጩኸት እንዴት እንደነበር አልጽፍም። ከፎቅ በታች ያሉ ሰዎች በራቸውን ሲከፍቱ ሰማሁ።

ትንሽ ቆይቶ የሕንፃው ኃላፊ መጣ፤ እዚያ አባርት ይሉታል። ከዘፋኙ ጋር በጊታሩ ምክንያት ሁልጊዜ የሚጣላ ሰው ነው፤ የጸጥታ ሰዓት የሚያሳየውን ወረቀት ስንት ጊዜ በሩ ላይ ለጥፎበታል። አሁንም ያንኑ ሊናገር እንደመጣ ፊቱ ያስታውቃል። የቪንተርቱሩ በር ላይ ተቀብሎት በጀርመንኛ፣ «እናቱ ሞታለች» አለው። ሰውየው ወደ ውስጥ አየ፣ ዘፋኙ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጋሼ ትከሻውን ይዘውት። ተመልሶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከምድር ቤቱ ታጣፊ ወንበሮች ተሸክሞ ወጣ፤ ወርዶ ደግሞ ሌላ አመጣ። ሰው እንደሚመጣ እንዴት እንደገባው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተው ነበር።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ከጄኔቭ፣ ከባዝል፣ ከበርን ሰው መጣ፤ ወጥ በድስት ይዘው በባቡር የመጡ ሴቶች ነበሩ። ዘፋኙ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አላለቀሰም። «አላየኋትም» ይላል ብቻ። «አላየኋትም፣ አልቀበርኳትም።»

አርባቸው ሊወጣ ሲቃረብ አንድ ሰው ግራንድ ሳኮኔ ቤቴ ድረስ መጣ። ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሥልጣን ነው፤ ከመንግሥት ልዑክ ጋር ስለመጣ እንዳይታይ ፈርቶ ቶሎ ቶሎ ዞሮ እያየ ከካፖርቱ ኪስ አንድ ካሴት አወጣ። ላዩ ላይ የልጅ በሚመስል የእጅ ጽሑፍ «ፈረንሳይኛ፣ ክፍል ሁለት» ይላል።

«እናትየው የሰጡኝ በሕይወት ሳሉ ነው» አለኝ። «ጉዞዬ ሲሰረዝ፣ ሲሰረዝ ቆየ። ማረፋቸውን ሰምቻለሁ። አዝናለሁ፣ እኅቴ።» ቡና እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

ካሴቱን አልከፈትኩትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ባቡሩ ሎዛንን፣ ፍሪቡርን፣ በርንን ሲያልፍ እጄን ከላዩ አላነሣሁም። የቪንተርቱሩ ጓደኛችን ቤት ተገናኘን። ማሽኑን በአልኮልና በጥጥ ጠርጎ ጠብቆናል። ዘፋኙ ካሴቱን አይቶ የእኅቱን ጽሑፍ ለየ። እናቱ በሕይወት ሳሉ እንደላኩት ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ገልብጦ ሲያየው ቆየና ለቪንተርቱሩ ሰጠው።

መጀመሪያ የድስት ክዳን ድምፅ መጣ። ከዚያ ሻካራ፣ ፈጠን የሚል የሴት ድምፅ።

«ይኸ ነገር ይሽከረከራል? እሺ። ልጄ፣ ደኅና ነህ ወይ? እኔ ደኅና ነኝ። ዘፈንህን ሰማሁት። በአፍንጫህ የምታላዝነው ጉንፋን ይዞህ ነው? ያገሩ ብርድ ነው መቼም። ዝንጅብል አፍልተህ በማር ጠጣበት። አሁን እኔ ደግሞ እመልስልሃለሁ፣ አንተ ብቻ ባለቅኔ የሆንክ አይምሰልህ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዜማችንን አጥንተውታል፤ ድምፃቸውን መጨረሻው ላይ እንደ ልጃቸው ሰበር ሊያደርጉት ሞክረው ሳል ያዛቸው። ከዚያ ቀጠሉ፦

ልጄ ሰው ሆነ አሉኝ ሳህን አጠበልኝ፣
እዚህ ሳለ ሲኒ አንሥቶ አያውቅልኝ።

ዘፋኙ ሳቀ። በዚያ ሁሉ ዓመት በራሱ ነገር ሲስቅ አላየሁትም ነበር፤ ጥርሱን፣ ድዱን ሳይቀር አየሁት። የቪንተርቱሩም፣ እኔም ሳቅን። ቀጥለው፦

ፈረስህ ትራም ነው ገብስ አይበላም አሉኝ፣
እስቲ ወዲህ ጋልበው ዓይኔ ሳይጨልምብኝ።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ። እጁ ጊታሩ አንገት ላይ ነበር፣ ከቴፑ ጋር ሊመታ አንስቶት፤ መልሶ ሶፋው ላይ አስተኛው።

ካሴቱ ዝም አለ። ያለቀ መሰለን። የቪንተርቱሩ ሊዘጋው ሲል ድምፁ ተመለሰ፣ አሁን ግን ወደ ማይክሮፎኑ በጣም ተጠግተው፣ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት።

«እኅትህን ሱቅ ልኬአታለሁ። ልጄ፣ እንግዲህ ስማኝ። ለወንድምህ እንዳላለቀስኩለት ታውቃለህ። ሆዴ ውስጥ እንዳለ ነው ያለው። እዚህ ግድግዳው ይሰማል። እዚያ አገር አማርኛ የሚሰማ የለም አሉኝ። አንተ ሳቅ ላክህልኝ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ሳቅሁልህ። እኔ ደግሞ ለቅሶዬን ልላክልህ። ሰው ሰብስበህ፣ በቀን ብርሃን፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አልቅስልኝ። እንደ ሌባ ተደብቀህ እንዳታለቅስለት።»

ከዚያ ሙሾ አወጡ። በሹክሹክታ የሚወጣ ሙሾ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፣ ከዚያም በኋላ አልሰማሁም። የልጃቸውን ስም ይጠሩታል፣ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ደግመው ይጠሩታል። አስተማሪነቱን፣ ቁመናውን፣ ጠጉሩን ወደ ኋላ ሲያበጥር እንዴት እንደሚያምር ይናገራሉ። አንዱ ስንኝ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፦

ጥቁር ልብስ ከልክለው ነጩን ቢያለብሱኝ፣
የሆዴን ጥቁረት ማን ሊያወልቅልኝ።

መጨረሻ ላይ በር ሲንኳኳ ይሰማል። «መጣሁ» አሉ በሌላ፣ በዕለት ድምፃቸው፤ ካሴቱ ተቆረጠ።

ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። መጀመሪያ የተናገረው ዘፋኙ ነው።

«ሰው ጥሩልኝ» አለ።

አባርቱን ሄዶ ያናገረው ራሱ ነው። በሕንፃው ምድር ቤት፣ ነዋሪዎች ልደት የሚያከብሩበት አንድ አዳራሽ ነበር፤ ቁልፉ በሰውየው እጅ ነው። እኔም አብሬው ነበርኩ።

«ደግሞ ሰው ሞተ?» አለ አባርቱ ደንግጦ።

«አዎ» አለው ዘፋኙ። «ወንድሜ። ከብዙ ዓመት በፊት።»

ሰውየው ወረቀት ያስሞላናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁልፉን ከቀለበቱ አውጥቶ ሰጠው።

በአንድ እሑድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለዚያ አስተማሪ ለቅሶ ተቀመጥን። የመጣውን ሰው ብዛት ማናችንም አልጠበቅንም። ወሬው በስልክ ከቤት ቤት ተላልፎ ነበር፤ ዘፋኙን በካሴት ብቻ የሚያውቁት እንኳ መጡ። ጋሼ ተነሥተው ሟቹ ማን እንደነበር፣ እንዴት እንደተወሰደ፣ እናቱ ለምን እንዳላለቀሱለት ተናገሩ። ካሴቱን ለሰው አላሰማንም፤ ዘፋኙ ያንን አልፈለገም። ራሱ ቆመና የእናቱን ስንኝ በድምፁ አወጣው። በአፍንጫው አልነበረም። ይኼን የመሰለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ከባዝል የመጣች አንዲት ሴት ድንገት ተነሥታ የሁለት ወንድሞቿን ስም ጠራች። ዓመታት አብረናት በዓል ስናከብር ወንድም እንደነበራት ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከዚያ ሌላው ተነሣ፣ ከዚያ ሌላው። እያንዳንዱ ሳያለቅስለት የቀረውን ሰው እየጠራ አለቀሰ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀበለዋል። ከግድግዳው ሥር ቆሞ የነበረው የቪንተርቱሩ ጓደኛችን፣ ያ ቃል የሚቆጥበው ሰው፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ «አባዬ! አባዬ!» ብሎ ጮኸ። ያን ያህል ዓመት ስንተዋወቅ አባቱን እንደገደሉበት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ሄጄ አቀፍኩት። ሰውነቱ እንደ ሞተር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲመሻሽ ሰው ዓይኑ አብጦ፣ ግን እንደ ቀለለው ሆኖ ተበተነ። ዘፋኙ አዳራሹን ሲጠርግ፣ «አደረስኩላት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልቀዳንም። ቅዳሜ እንገናኛለን፣ እንበላለን፣ ጊታሩ ጥግ ቆሟል። አንድ ጸደይ ስደርስ ብርድ ልብሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። የእናቱን ስንኞች ልንቀዳ ነው አለኝ፤ የሱን እሱ ይዘፍናል፣ የእናቱን መልስ እኔ። «የሳቸውን ድምፅ ከታች እናስገባው?» ብዬ ጠየቅሁ። የቪንተርቱሩ ከሱ ቀድሞ፣ «አይነካም» አለ። እንዳለው አደረግን። የሳቸውን ስንኝ ስዘፍን ማንኪያው ከእጄ ወደቀ፤ እንደገና ጀመርን።

ካሴቱ ሲሰራጭ ሁሉም አልወደደልንም። ጄኔቭ አንዲት ትልቅ ሴት በእናት ሞት ትቀልዳላችሁ ብለው ፊት ነሡኝ፤ እኔም አልተከራከርኳቸውም። ብዙው ሰው ግን ሲኒ የምትለዋ ስንኝ ጋ ሲደርስ ይስቅና ቀጣይዋ ጋ ዝም ይላል። ዘፋኙ የሚፈልገውም እሱን ነበር።

ደርግ ሲወድቅ የቪንተርቱሩ ጓደኛችን ለማንም ሳይናገር ሥራውን ለቀቀና አገሩ ገባ። አባቱ የወደቀበትን ቦታ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሆኖ አጽሙን በክብር አስቀበረ። አሁን አዲስ አበባ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ አለው፤ የሚጠገን ቴፕ የሚያመጣ ሰው እየጠፋ እንደሆነ በዓል ሲሆን ደውሎ በሦስት ቃል ይነግረኛል። ዘፋኙ ጡረታ ወጥቶ ዙሪክ ነው። ጣቶቹን ሪህ ስለያዘው ጊታር አይመታም። ሴት ልጁ እዚያው ተወልዳ አማርኛና የዙሪክ ጀርመንኛ እያደባለቀች ነው የምታወራው፤ ዘፈኖቹን አውጥታ ስትሰማ፣ «አባዬ፣ ይኼ የሚያስቅ ነው ወይስ የሚያሳዝን?» ትለዋለች። እሱም ወደ እኔ ይደውልና፣ «አንቺ ነሽ የገጠምሽው፣ አንቺ መልሺላት» ይለኛል። ስልኩን ለሷ ሲሰጣት የሲኒዋን ስንኝ እዘፍንላታለሁ፤ ሳቋን ስሰማ ቀጣይዋን እጀምርላታለሁ።